ከዳማ ወንበር ስር

ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አያናው
ረሆቮት

ጤናዎ እንዴት ከረመ? እትዬ ዘነበወርቅስ እንዴት ናቸው? ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኛ ከአባታችን ሐዘን በቀር፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን።

እርስዎ አያውቁኝም። ይታየሽ እባላለሁ፤ የመንግስቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ከጎንደር ሲወጡ አልተወለድኩም። እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ሳሎናችን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ከአባቴ ጋር የመኪናዋን ኮፈን ተደግፋችሁ ቆማችኋል፤ አባቴ ይስቃል፣ እርስዎ የተቆጡ ይመስላሉ። አባቴ "ተቆጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሞተሩን እያዳመጠ ነው" ይለን ነበር። የአባቴ አያት ከእናንተ ከኦሪት እምነት ወገን ተወልዳ፣ በኋላ ተጠምቃ ያገባች ስለሆነች እርስዎ በዝምድና አጎታችን እንደሚሆኑም ነግሮናል። የእትዬ ዘነበወርቅን ስልክ ያገኘሁት ከአባቴ ደብተር ነው። ስደውል "እሱ በስልክ አይሰማም፤ በወረቀት ጻፊና ፎቶውን ላኪ" ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ።

የምጽፈው ስለ ዳማ ነው፤ እርስዎና አባቴ ከወዳደቀ ብረት ስለገጣጠማችኋት አሮጌ ጂፕ። በቀለሟ ምክንያት እንደ በቅሎ ዳማ ብላችሁ ሰየማችኋት አሉ፤ ዛሬ ግማሿ ቀለም ግማሿ ዝገት ነው። እኔ በእሷ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች ድንችና ነጭ ሽንኩርት አወርዳለሁ። ሌላ መኪና የማይደፍረውን ዳገት ትወጣለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ታማለች። ጥቅምት ላይ ነው፤ አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በደህና አቁሟት ገባ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አረፈ። ከቀብር ተመልሰን ቁልፍ ብናዞር ዝም። ሁለት ሳምንት እንደሞተች ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን በራሷ ተነሳች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያሻት ትነሳለች፣ ሲያሻት "ትክ" ብላ ዝም ትላለች። አንዱ መካኒክ ባትሪ ለወጠ፣ ሌላው ማስነሻዋን ሞተሪኖ ለወጠ። ጎረቤት ደግሞ "ለጌታዋ እያዘነች ነው" ይላል።

የወንድሜ የተዘራ ትዕግሥት አልቋል። "እስከ ፋሲካ ካልዳነች ለቁራሌው በኪሎ ትሸጣለች፣ ባጃጅ እንገዛለን" ብሏል። መኪናዋ የሁለታችን ናት፤ ግን እሱ ታላቄ ነው፣ ቃሉንም አያጥፍም። ባጃጅ ያንን ዳገት አይወጣም። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ዳማ ተቆራርጣ ሚዛን ላይ ስትወጣ ቆሜ ማየት አልችልም።

ገንዘብ እንዲልኩልኝ ብዬ አይደለም፤ የምለምነው ምክር ብቻ ነው። የሞተሯን ድምፅ ቀድቼ አብሬ ልኬያለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ልጅዎ ይታየሽ መንግስቴ


ረሆቮት፣ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታየሽ

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ፤ መሪ የሚይዙ እጆችሽን ይባርክ። እኛ ደህና ነን። ዘነበወርቅ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

የመንግስቴን ሞት የሰማሁ ቀን ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሕጋችን ለወንድም እንዲህ ነው። ዛሬ ከዚህ በላይ ስለ እሱ መጻፍ አልችልም።

ከጎንደር ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ምን ሊጠየቅ እንደሆነ ሳይከፍተው ያውቃል። ያንቺ ግን የጠየቀኝ ስለ መኪና ስለሆነ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ አምስት ዓመት እዚህ በሙሳክ ሠራሁ፤ ጋራዥን በዕብራይስጥ ሙሳክ ይሉታል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሞተር የጠየቀኝ ሰው የለም። የዛሬዎቹን መኪኖች የሚመረምራቸው ኮምፒውተር ነው።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ያ በፎቶው ላይ ሞተር የሚያዳምጠው ሰው ጆሮው ደንቁሯል። ሐኪም ቤት የሰጡኝ የጆሮ መሣሪያ እንደተበላ ኩሽኔታ ስለሚያፏጭ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። የላክሽውን ድምፅ ዘነበወርቅ ሰማችልኝ። "ምን ይላል?" አልኳት።

"ዶሮ ስትጭር ነው የሚመስለው" ብላ ጆሮዬ ስር ጮኸች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዶሮዋን ጭልፊት ወሰዳት።"

ከዚህ ምን እንደምረዳ እስቲ ፍረጂ! ስለዚህ ጆሮዬ አንቺ ነሽ። የሰማሽውን፣ ያየሽውን፣ ያሸተትሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ሥራችን። መኪና አታዝንም፤ የሚያዝነው ሽቦ ነው። ሰው ሁሉ እየሮጠ ባትሪና ሞተሪኖ ይለውጣል፣ ማሰሪያውን ግን የሚያይ የለም። መጀመሪያ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ፍቺ፣ ከዚያ ቀዩን። ራሶቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ በፈላ ውኃና በሶዳ እጠቢው፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጊው። ጥቁሩ ሽቦ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ አለ፤ ማሳ እንለዋለን። መንግስቴ ቀለም ሲቀባ ማሳውንም አብሮ የመቀባት ክፉ አመል ነበረው። ቀለሙን ፍቀሽ ብረት ከብረት አገናኚ። ሞተሩም የራሱ ማሳ አለው፣ እንዳትረሺው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ደግሞ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እንደ ላላ መቀነት ከረገበ ባትሪው አይሞላም፣ አጥብቂው።

ለተዘራ ንገሪው፤ ባጃጅ መልካም ነገር ነው፣ ለአስፋልት።

አባትሽ አያናው ተገኘ


ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ አያናው

እንደምን ሰነበቱ? የእትዬ ዘነበወርቅ ጉልበት ተሻለው? የጎንደር ብርድ ወጥቷል፣ ቀኑ መሞቅ ጀምሯል። የዘገየሁት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ኔትወርክ የሌለበት አገር፣ ሰንብቼ ነው።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። የማሳው ነገር ልክ ብለዋል፤ ሦስት ዓይነት ቀለም ነበረበት፣ አንዱ የቤታችን በር ቀለም ነው። ፍቄ ሳስረው ዳማ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አራት ቀን እንደ ልጃገረድ ሮጠች። ተዘራ እንኳ "አዛውንቱ ያውቃሉ" አለ። በአምስተኛው ቀን ድንች ጭኜ ስወርድ ጉድጓድ ነካሁና ሞተሩም መብራቱም አንድ ላይ ድርግም አሉ። ሞተር አልባ በፍሬን ብቻ እየወረድኩ ሌላ ጉድጓድ ስነካ ሁሉም ተመልሶ በራ። ልቤ ግን ወዲያው አልተመለሰም።

ድምፁን ልጻፍልዎ ብዬ ብዙ ሞከርኩ። ቁልፉን ሳዞር "ትክ" ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ምላሱን ከላንቃው ሲያላቅቅ ዓይነት። ያን ጊዜ ፊት ለፊቴ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ይሞታሉ። ቁልፉን ስመልሰው ቀስ ብለው ይነቃሉ። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ሳልነካት ካደረች ይብሳል። ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው ነው።

ትናንት ተዘራ ቁራሌውን ይዞት መጣ። ሰውየው ዳማን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረጋትና "ይህቺ እንኳን ብረቷ ደህና ነው" አለ። ሰው ስለ ሙት አስከሬን እንዲህ አይናገርም። በሩን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ፋሲካ ሁለት ወር ቀረው።

ልጅዎ ይታየሽ


ረሆቮት፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታየሽ

ከዳገት ከቁልቁለት የሚጠብቅ አምላክ ስሙ ይመስገን። በሕይወት ስላለሽ ዘነበወርቅ እልል ብላለች። እስከምነግርሽ ድረስ ጭነት ጭነሽ ቁልቁለት እንዳትወርጂ። ይህ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አርብ ከሰዓት ስለነበር እሁድ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያም ሐኪም ቤት አመላለሱኝ፣ ጆሮዬን አንድ ባለሙያ ሌላ ባለሙያ ጋ እየላከኝ። አዘገየሁሽ፣ ይቅርታ።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አንቺ ከዘነበወርቅ ይልቅ ጥሩ ጆሮ ነሽ። ቁልፍ ስታዞሪ መብራቱ ከሞተ፣ ሲመለስ ከነቃ፣ ባትሪው ኃይል አለው ማለት ነው፤ ኃይሉ ግን መንገድ ላይ የሚያልፍበት በር ጠቧል። ትንሽ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ ብዙ ሲጠየቅ አይወጣለትም። ጉድጓዱ ደግሞ በሩን ይዘጋዋል፣ ይከፍተዋል። ስለዚህ የምንፈልገው አንድ የላላ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ ነው፤ ከባትሪው እስከ ቁልፉ ባለው መንገድ ላይ።

መፈለጊያው ቀላል ነው። አንድ ትንሽ የመኪና አምፖል ውሰጂ፣ ሁለት ሽቦ እሰሪበት። አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አስነኪ፣ ሌላውን ባትሪው ቀይ ራስ ላይ፤ ደምቆ ይበራል። አሁን የዳሽቦርዱ መብራት ይብራና ቀዩን ሽቦ ተከትለሽ ሂጂ፤ መገጣጠሚያ ባገኘሽበት ሁሉ አምፖሉን አስነኪ። ደምቆ እስከበራ ድረስ በሽታው ገና ከፊትሽ ነው። አምፖሉ የደከመበት ቦታ ላይ ስትደርሺ አልፈሽዋል፤ አንድ እርምጃ ተመለሺ። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። አትቸኩዪ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሽቦውን ከፊት ወደ ኋላ እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ከባትሪው ተነስቶ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ግድግዳ በስቶ በቀጥታ ወደ ቁልፉ መሄድ አለበት። በቀጥታ ካልሄደ ጻፊልኝ።

አባትሽ አያናው


ጎንደር፣ መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ አያናው

ሰላምዎ ይብዛ። እኛ ጾም ላይ ነን፣ ደህና ነን።

በቀጥታ አልሄደም።

አምፖሌን ይዤ ግማሽ ቀን ዳማ ሆድ ውስጥ ተኝቼ ዋልኩ። ሽቦው ግድግዳውን በስቶ እስኪገባ ድረስ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። ከዚያ ወደ ቁልፉ ይወጣል ስል ወደ ታች ወረደ። በወለሉ ምንጣፍ ስር አልፎ ከሹፌሩ ወንበር ስር ገባ። ወንበሩን ፈትቼ ሳነሳ፣ ጋሼ፣ ቡጢ የሚያህል በቆዳ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። በእጅ ነው የተሰፋው። ሽቦው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። በመግቢያው አምፖሉ ይደምቃል፣ በመውጫው ይጨልማል። ከቆዳው አንዲት የናስ እጀታ ብቅ ብላለች። ተዘራ ከቀብሩ በኋላ መኪና ማንሻውን ክሪክ ከወንበሩ ስር ማስቀመጥ ስለጀመረ ክሪኩ እጀታዋን ገፍቷት መሃል ላይ ቆማለች፤ ወደ ላይም አይደለች ወደ ታችም አይደለች። አልነካኋትም። የአባቴ ክታብ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ አርብ አርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ መኪናዋ ይሄድ ነበር። በሩን ይከፍታል፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ከወንበሩ ስር ያስገባል፣ በሩን ዘግቶ ይመለሳል። እናቴ አረቄ የሚደብቅ ይመስላት ነበር፤ አንድ ቀን ፈትሻ ምንም አላገኘችም። ዳማ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አትነሳም። የቅዳሜ ገበያ እየደመቀ እኛ ቤት እንቀመጣለን። ለምን ስንለው "ዳማ ቅዳሜ ያማታል" ይለን ነበር። ልጅ ሳለን እውነት መስሎን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን እንደባብሳት ነበር። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምታርፍ መኪና ጎንደር ውስጥ የእኛ ብቻ ነበረች።

ጋሼ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው? ተዘራ ካየው ፋሲካን አይጠብቅም፤ "ይኸው ጥንቆላዋ" ብሎ ዛሬውኑ ይሸጣታል። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ይታየሽ


ረሆቮት፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታየሽ

የአባቶቻችን አምላክ ከአንቺና ከቤትሽ ጋር ይሁን።

ቶሎ ጻፍ አልሽኝ፣ እኔ ዘጠኝ ቀን አቆየሁሽ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ዘነበወርቅ "ለማን ነው ይህ ሁሉ ወረቀት?" እያለች ነው።

ክታብ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።

አባቴ ተገኘ ቀጥቃጭ ነበር። አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምድጃውን እሳት ያጠፋል፣ እስከ ቅዳሜ ምሽት ንጉሥ ቢመጣ አያነድም። እኔና መንግስቴ ዳማን ሠርተን ስንጨርስ አባቴ ጠራንና "የጋራ ሀብት ከሆነች እንደ እኔ እሳት ሰንበት ታርፋለች። የማታርፍ ከሆነ እጅህን አውጣ" አለኝ። እኔም መንግስቴን አላመንኩትም፤ የቅዳሜ ገበያ እየጠራው እንዴት ይቀመጣል? ስለዚህ ከአባቴ ናስ ቆርጬ ይህቺን ማጥፊያ ሠራሁና በፍየል ቆዳ ሰፍቼ ሽቦው መሃል ቀበርኳት። እጀታዋ ወደ ላይ ስትሆን ሥራ ነው፣ ወደ ታች ስትሆን ሰንበት። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ታች እመልሳት ነበር፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ላይ። አባትሽ ያወቀብኝ በሁለተኛው ወር ነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ቀዳሚት ሰንበት እኮ በመጽሐፉ የእኛም ናት፤ ገበያ ወሰዳት እንጂ። ቅዳሜ ያንተ፣ እሁድ የኔ። ዳማ ከጳጳሱ በላይ ጻድቅ ትሁን" አለ።

በ1982 ከጎንደር ስወጣ እንዲህ አልኩት፤ "በል እንግዲህ፣ ብቻህን ነህ። ያቺን ማጥፊያ ንቀላትና ቅዳሜም ንዳ፤ ልጆች ታሳድጋለህ።" እሱም "እሺ" አለኝ። ጆሮዬ ሳይጠፋ በበዓል በበዓል ስንደዋወል "ዳማ እንዴት ናት?" እለዋለሁ። "በልማዷ አለች" ይለኛል። በልማዷ! እኔ ጤናዋን የነገረኝ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ "አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቁሟት ገባ" ስትዪ ልቤ ደንግጦ ነበር። ሊሆን አይችልም ብዬ ዝም አልኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ደግሞ እጄን የሚያስረኝን ልጻፍ። ወደዚህ ስንመጣ ያመጣን አውሮፕላን በሰንበት ነው የበረረው፤ ሽማግሌዎቻችን "ነፍስ ለማዳን ነው" ብለው ፈቀዱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላም በሰንበት ሠርቻለሁ። የሙሳኩ አለቃ ሽሎሞ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ መዝከረት ባትያ በሚባለው መንደር አንድ ገበሬ ትራክተሩ መከር መሃል ቆሞበት "ያላ፣ በል ተነስ አያናው፣ አንዴ ብቻ" አለኝ። ልጆች ነበሩኝ፣ ሥራውን እንዳላጣ ፈራሁ፤ ሄድኩ። ያ አንዴ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ለዘነበወርቅ ምኩራብ ሄድኩ፣ ሽማግሌዎች ጋ ዋልኩ እላታለሁ። እዚህ፣ ሰንበት ሲገባ አውቶቡሱ እንኳ በሚቆምበት አገር፣ እኔ በሰንበት መፍቻ ይዣለሁ። እዚያ መንግስቴ፣ ገበያው እየጠራው፣ የኔን ሰንበት ይጠብቅልኛል። አፈርኩ ልጄ። አፈርኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡብኝ። ይህን ደብዳቤ ፎቶ የምታነሳው ዘነበወርቅ ናት፤ ታነበዋለች። ታንብበው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያልኩሽ እኔ ነኝ።

አሁን አድኚያት። መጀመሪያ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ፍቺ። ስፌቱን ተርትረሽ ማጥፊያዋን አውጪና ጣያት። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች እስኪያበሩ ፍቀሽ፣ በብሎን አጥብቀሽ እሰሪ፣ በፕላስተር ደህና አድርገሽ ጠቅልዪ። ክሪኩን ከዚያ አንሱት። ከዚህ በኋላ ዳማ ቅዳሜም ትሠራለች፤ ተዘራም ደስ ይለዋል። የኔ አደራ እዚህ ላይ ይብቃ።

አባትሽ አያናው


ጎንደር፣ መጋቢት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ አያናውና ለእትዬ ዘነበወርቅ

እንደምን ከረማችሁ? እናንተም ለፋሲካችሁ ቤት እያጸዳችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። በሰላም ያድርሳችሁ።

ዳማ ድናለች! በመጀመሪያው ቁልፍ። ተዘራ አላመነም፤ አጠፋ፣ አስነሳ፣ አጠፋ፣ አስነሳ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ እኔና እሱ አምስት ኩንታል ድንች ጭነን ያንን ቁልቁለት ወረድን። ጉድጓዶቹን እየፈለገ ያስነካኝ ነበር፣ "ንኪው፣ ንኪው" እያለ። አንድም ጊዜ አልጠፋችም። ቁራሌው በማግሥቱ ሲመጣ ተዘራ "ሌላ ቤት ሞክር" አለው። እኔ ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ፣ አለቀስኩ።

አንድ ጥፋት ግን አጥፍቻለሁ፤ ትእዛዝዎን አልፈጸምኩም። ማጥፊያዋን ልጥላት ስፌቱን ስተረትር፣ የፍየል ቆዳ ያሉኝ የፍየል ቆዳ አይደለም። የአባቴ ቡናማ ጫማ ነው፤ የክር መግቢያ ቀዳዳዎቹ እንኳ አሉ። ጫማው ያለቀው እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከስሩ ደግሞ ሌላ ቆዳ አለ፣ ከዚያ ስር አሮጌው የፍየል ቆዳ፣ የርስዎ። ሲያረጅ ሲያረጅ ላይ በላይ እያለበሰ ሁለት ጊዜ ሰፍቶታል። ነቅሎ ያልጣለው ረስቶት አልነበረም። አደራ ብሎ ይዞት ነው። አደራን ባለቤቱ ብቻውን "ይብቃ" ሊለው አይችልም፤ የያዘውም ድርሻ አለው፣ አሁን ደግሞ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ናሱን በአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ ጫፎቹን በአዲስ ብሎን አጥብቄ፣ በአራተኛ ቆዳ ሰፍቼ መለስኳት። ለተዘራም ሁሉን ነገርኩት። የቅዳሜውን ገበያ አስቦ ፊቱን አጠቆረ። ቆይቶ "አባቴ ሳይደክመው የኖረውን እኔ በአምስት ወር ልተወው?" አለና ክሪኩን ወስዶ ከኋላ አሰረው። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጀታዋን ወደ ታች መለስኳት።

ሁለት ድምፅ ልኬያለሁ። አንዱ የሐሙስ ነው፣ ዳማ ዳገት ስትወጣ። ሁለተኛው የቅዳሜ ነው፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ የቀዳሁት።

ልጃችሁ ይታየሽ


ረሆቮት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታየሽ

ቤትሽ፣ መንገድሽና ጉልበትሽ የተባረኩ ይሁኑ። የእኛ ፋሲካ አልፏል፣ የእናንተ እሁድ ነው፤ አንቺንም ተዘራንም በደስታ ያድርሳችሁ። በዓሉ ሳያልፍ ብዕር አላነሳሁም፤ አሁንም አርብ ነው፣ ፀሐይ ሳትቀድመኝ ልጨርስ።

መጀመሪያ የዘነበወርቅን ነገር። ያንን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ አነበበችው። ምሳ ልትሠራ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔም እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ መጥታ ጆሮዬ ስር "ምኩራብ ውስጥ የሞተር ዘይት ይቀባሉ እንዴ? የሰንበት ሸሚዝህን ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ልጆቻችንን ልታበላ ነው የምትሄደው። አሳፍሬህ ምን ላተርፍ? ቤሰደር፣ ይሁን፣ አሁን ብላ" አለችና ምሳዬን አቀረበች። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንድ ሰሐን ምሳ አለቀ።

ማጥፊያዋን አልጣልሽም። ትእዛዝ ስላፈረስሽ ልቆጣሽ ይገባ ነበር፤ የጫማውን ነገር ሳነብ ግን አለቀስኩ። ያንን ቡናማ ጫማ አውቀዋለሁ፤ ሲገዛው አብሬው ነበርኩ፣ አይበረክትም ብዬው ነበር።

አሁን ወደ ድምፆቹ። የመጀመሪያውን ዘነበወርቅ ሰማችው። "ዶሮዋስ?" አልኳት። "ዶሮ የለችም። አንድ ጤነኛ በሬ ሲያርስ ነው" አለች። ይህን ስሰማ ካርቡሬተሩን እንኳ መንካት እንደማያስፈልግሽ አወቅሁ።

ሁለተኛውን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ ሰማች። ፊቷን አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። "ምን ይላል?" አልኳት።

"ምንም አይልም" አለች።

ስልኩን ተቀብዬ በተራዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እውነትም ምንም አይልም። ልጄ፣ ጆሮዬ ከጠፋ ወዲህ እኔና ዘነበወርቅ እኩል የሰማነው ነገር ይህ ብቻ ነው። መልሼ መላልሼ ሰማሁት። ዳማ አርፋለች።

ፀሐይዋ ከጓሮው የሎሚ ዛፍ ወርዳለች፣ ወረቀቱም አለቀ። እዚህ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ስለገፉት አሁን የእኛና የእናንተ ሰዓት አንድ ነው። እኔ ብዕሬን ላስቀምጥ፤ አንቺም እጅሽን ከወንበሩ ስር የምታስገቢበት ሰዓት ደርሷል።

አባትሽ አያናው